የተማሪዎች ኅብረት በሰው አገር ጦርነት ላይ ድምፅ ሲሰጥ፦ ነገሩ ከደሴ እንዴት ይታያል?

«እገሌ ዩኒቨርሲቲ እስራኤልን አወገዘ።» «የእገሌ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከፍልስጤም ጎን ቆሙ።» እንዲህ ያለ ዜና በቴሌግራም ተቀባብሎ ደሴ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ጎድሎት ነው። ድምፁን የሰጠው ማን እንደሆነ አይናገርም። ስንት ሰው እንደሰጠ አይናገርም። ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠም አይናገርም። ክርክሩ ግን ወዲያው ይነሳል። ፒያሳ ሻይ ቤት ላይም ይሁን ኮምቦልቻ ዶርም ውስጥ፣ አንዱ «የእኛ ኅብረትስ ለምን ዝም ይላል?» ይላል። ሌላው «የካፌውን ወጥ ያላስተካከለ ኅብረት ስለ ጋዛ ምን አገባው?» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ጥያቄ ተገቢ ነው። ሁለቱም ግን መልስ የሚያገኙት መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሲታወቅ ነው። የተማሪ ድምፅ በሩቅ አገር ጦርነት ላይ ምን ያደርጋል? ምንስ አያደርግም? የሰጡት ሰዎች ላይስ ምን ያመጣል?

ድምፁን የሰጠው ማነው?

«ዩኒቨርሲቲው ወሰነ» ሲባል ከጀርባው አራት የተለያዩ አካላት ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው የክርክር ክበብ ነው። ሁለተኛው ተማሪዎች የመረጧቸው ተወካዮች የሚቀመጡበት መማክርት ነው። ሦስተኛው ሪፈረንደም ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ጥያቄ ላይ በቀጥታ «አዎ» ወይም «አይ» ይላል። አራተኛው የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ገንዘብ የሚያዝዘውና ውሉን የሚቋጨው ይኸው አራተኛው ነው። ዜናው ሲዞር ግን አራቱም አንድ ይሆናሉ።

ኦክስፎርድን እንውሰድ። «ኦክስፎርድ ዩኒየን» የሚለው ስም የተማሪዎች ኅብረት ያስመስለዋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1823 የተቋቋመ የክርክር ክበብ ነው። ዩኒቨርሲቲውም የተማሪዎች ኅብረቱም ከእሱ የተለዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይህ ክበብ እስራኤልን በአፓርታይድ፣ ማለትም በሕግ በጸና የዘር መድልዎ፣ እና በዘር ማጥፋት የሚከስ ሐሳብ ላይ ተከራክሮ በ278 ድምፅ ለ59 አሳለፈው። በማግስቱ ብዙ ሰው ያጋራው ግን «ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ወሰነ» እያለ ነበር። በእውነቱ የወሰነው በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ የተገኘው ሰው ነው።

ይህ ክበብ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚነካካ የቆየ ጉዳይም አለው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1933 «ይህ ጉባኤ በምንም ሁኔታ ለንጉሡና ለአገሩ አይዋጋም» የሚል ሐሳብ በ275 ለ153 አሸነፈ። ዓለም ተንጫጫ። ቸርችል ይህ ውሳኔ እንግሊዝ ደክማለች የሚለውን ግምት ከሮም እስከ በርሊን አጠናከረው ብሎ ጽፏል። የታሪክ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ግን ሞሶሊኒም ሆነ ሂትለር ዕቅዳቸውን በዚያ ምሽት ድምፅ ላይ ተመሥርተው እንደቀየሩ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም ይላሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1939 ሲመጣ ደግሞ የኦክስፎርድ ተማሪዎች በብዛት ለመዝመት ተመዝግበዋል።

ከዚህ አንድ ነገር እናገኛለን። ድምፁ ወጣቶቹ በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማቸው አሳይቷል። ነገ ምን እንደሚያደርጉ አላሳየም። ሩቅ ያለ ሰው ግን እንደ ቁርጥ ውሳኔ አነበበው።

ከድምፁ በኋላ ወረቀቱ የት ይሄዳል?

ካሊፎርኒያ በርክሊ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 2010። የተማሪዎቹ መማክርት ዩኒቨርሲቲው ከእስራኤል ጦር ጋር ከሚሠሩ ኩባንያዎች ገንዘቡን እንዲያወጣ በ16 ለ4 ወሰነ። የመማክርቱ ፕሬዚዳንት፣ ራሱም ተማሪ ነው፣ ቪቶ አደረገው። ቪቶ ማለት አንድ ባለሥልጣን ብዙኃኑ ያሳለፈውን ውሳኔ የማገድ ሥልጣን ነው። ቪቶውን ለመሻር የሚያስፈልገው ድምፅ አልተገኘምና ውሳኔው እዚያው ቀረ።

ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ 2022። ከፍልስጤም ጋር አጋርነት የሚገልጽ ፖሊሲ በሪፈረንደም ቀርቦ ድምፅ ከሰጡት 71 በመቶ ደገፉት። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ከኅብረቱ ጋር ያለውን ስምምነት ሊያቋርጥ እንደሚችል አስታወቀ። ኅብረቱ የዩኒቨርሲቲውን ስም የሚጠቀመውና መዋጮውን የሚሰበስበው በዚያ ስምምነት ነው። በመጨረሻም የኅብረቱ ቦርድ ውጤቱን ሳያጸድቀው ቀረ።

ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ። እዚህ ነገሩ ረጅም መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተማሪዎቹ በሪፈረንደም ስድሳ አራት ከመቶ በላይ በሆነ ድምፅ በእስራኤል ላይ የሚደረገውን የቦይኮት ዘመቻ ደገፉ። ለስድስት ዓመት ብዙ ነገር አልተንቀሳቀሰም። በ2024 ተማሪዎች ጎብኚ የሚያጥለቀልቀውን የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት በር ደጋግመው ዘጉ። ኮሌጁም ለጠፋው ገቢ ኅብረቱን ከ214 ሺህ ዩሮ በላይ ክፈል አለው። በሜይ ወር ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ኮሌጁ በተያዘው የፍልስጤም ምድር ባሉ ሠፈራዎች ከሚሠሩ የተወሰኑ የእስራኤል ኩባንያዎች ገንዘቡን ለማውጣት ተስማማ። በ2025 ደግሞ የኮሌጁ ቦርድ ይህን አሰፋው።

ሦስቱ ቦታዎች ላይ አንድ ዓይነት ስሜት ነበር። ውጤቱ ለየቅል ሆነ። የተለያየው ድምፁ ምን ያህል ብዙ እንደነበር አይደለም። ማክጊል ከትሪኒቲ የበለጠ መቶኛ አግኝቶ ነበር። የለየው ከድምፁ ጋር ሌላ ግፊት መኖር አለመኖሩ ነው። የአየርላንድ ሕዝብና ፖለቲካ ራሱ ወደዚያው ያዘነበለ መሆኑም ረድቷል።

እዚህ ላይ «ዳይቨስትመንት» የሚለውን ቃል ማብራራት ያስፈልጋል፤ ወሬው ሁሉ በእሱ ዙሪያ ነው። በሀብታም አገሮች ያሉ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተጠራቀመ ቋሚ ፈንድ አላቸው። ፈንዱ በአክሲዮን ይቀመጣል። ዳይቨስትመንት ማለት የአንዳንድ ኩባንያዎችን አክሲዮን ሸጦ መውጣት ነው። የተማሪዎች ንቅናቄ በዚህ መንገድ ትልቁን ድል ያገኘው በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከሚሠሩ ኩባንያዎች ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለማውጣት ወሰነ።

ያ ገንዘብ አፓርታይድን ጎዳው ወይ? ሁለት አመለካከት አለ። የፋይናንስ ጥናት ያደረጉ ምሁራን የአክሲዮኑ ዋጋ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላገኙም፤ አንዱ ሲሸጥ ሌላው ይገዛል። ሌሎች ደግሞ ጉዳቱ በአክሲዮን ዋጋ አይለካም ይላሉ። ከአፓርታይድ ጋር መነገድ አሳፋሪ ሆነ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ሬገንን ቪቶ ሽሮ የማዕቀብ ሕግ አወጣ። ሁለተኛው ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ በእጅ ያለ፣ ልሽጠው ወይስ ልያዘው የሚባል ነገር መኖር አለበት።

ኅዳር 26 ቀን 1928

«የሰው አገር ጦርነት ምን አገባን» ለሚለው ሐሳብ ከባዱ ፈተና ደሴ ራሷ ናት። አንድ ጊዜ የሰው አገር ጦርነት የተባለው የእኛው ነበርና።

በ1927 ዓ.ም. ግማሽ ሚሊዮን ያህል በጎ ፈቃደኞች በእንግሊዝ አገር ቤት ለቤት እየዞሩ ወረቀት ያድሉ ነበር። «የሰላም ድምፅ መስጫ» ይባላል። መንግሥት ያዘዘው አልነበረም፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ደጋፊዎች ያዘጋጁት ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ አንድ አገር ሌላውን አጠቃለሁ ብሎ ቢጸና ሌሎቹ ተባብረው ሊያስቆሙት ይገባል ወይ የሚል ነበር። ሁለት ክፍል ነበረው። በኢኮኖሚ እርምጃ? አስፈላጊ ከሆነ በጦር ኃይል? ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰ። ለመጀመሪያው ከ10 ሚሊዮን በላይ «አዎ» አሉ። ለሁለተኛው ከ6.7 ሚሊዮን በላይ «አዎ» አሉ። ውጤቱ በሰኔ 1927 ተነገረ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሯን ስታጓጉዝ ነበር።

ድምፁ ዋጋ አልነበረውም ማለት አይቻልም። የእንግሊዝ መንግሥት በኅዳር 1928 ምርጫ ሲወዳደር ከመንግሥታቱ ማኅበር ጎን እቆማለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ አሸነፈ። ማዕቀቡም በዚያው ወር ተጀመረ። ግን ነዳጅ አልተካተተበትም። የስዌዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች አልተዘጋም። ታንኩ የሚሄድበት ነዳጅ እየገባ ማዕቀብ ተጣለ ተባለ።

ኅዳር 26 ቀን ጠዋት የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴ ላይ መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ማዘዣቸውን ወደ ከተማዋ ካዛወሩ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። ቤቶች ነደዱ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ላይ ተቀምጠው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶ ዓለምን ዞረ። የውጭ ጋዜጠኞች ከተማው ውስጥ ስለነበሩ ወሬው በሰዓታት ውስጥ ለንደን ገባ።

ቦምቡ ከወረደ ሦስት ቀን ሳይሞላ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል በፓሪስ ተስማሙ። ስምምነቱ ከኢትዮጵያ ምድር ሰፊውን ክፍል ለሞሶሊኒ የሚሰጥ ነበር። የፓሪስ ጋዜጦች ምስጢሩን አወጡት። ያ ሁሉ ሕዝብ በወረቀት «አዎ» ያለበት ነገር ሲሸጥ ሲያይ ተቆጣ። ሆር በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ። ስምምነቱም ፈረሰ።

የሕዝብ ድምፅ ኃይልና ልኩ በአንድ ላይ እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ብዙ የለም። ሚኒስትር ማውረድ ቻለ። ውል ማፍረስ ቻለ። የነዳጁን ቧንቧ መዝጋት ግን አልቻለም። ጣሊያኖች በሚያዝያ 1928 ደሴ ገቡ።

ይህን የሚያውቅ ሰው «የሩቅ ሰው ድምፅ ከንቱ ነው» ማለት ይከብደዋል። «ድምፅ ከሰጠን በቃ» ማለትም ይከብደዋል።

የባቲ ረሃብና የእንግሊዝ ዳኛ

በእንግሊዝና በዌልስ የተማሪዎች ኅብረት በሕግ ዓይን የበጎ አድራጎት ተቋም ነው። ገንዘቡ ለተማሪው ትምህርትና ደኅንነት ብቻ መዋል አለበት። ይህ ሐሳብ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የፈተነው ጉዳይ የመጣው ከወሎ በኩል ነው።

በ1977 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ባቲ ትልቅ የርዳታ መጠለያ ሆና ነበር። ከቆላውም ከደጋውም የመጣ ሕዝብ ሜዳው ላይ ሰፍሮ እህል ይጠብቃል። በዚያው ሰሞን በለንደን የአንድ ፖሊቴክኒክ ተማሪዎች ኅብረት ከኅብረቱ ሒሳብ ገንዘብ ለመስጠት ወሰነ። አንዱ ለሥራ ማቆም አድማ ላይ ለነበሩ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ነው። ሌላው በኢትዮጵያ ለተራቡ ነው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። ዳኛው የኅብረቱ ገንዘብ ለዚህ አይውልም አሉ። የተራበን መርዳት በጎ ሥራ መሆኑ አልተካደም። ነገር ግን የዚያ ኅብረት ዓላማ ተማሪን ማገልገል ነው፤ ገንዘቡም በአደራ የተያዘው ለዚሁ ነው ተባለ።

ይህን ከደሴ ሆኖ ሲያነቡት ልብን ይነካል። ብስኩትና ወተት ዱቄት ይጠብቅ የነበረው ሕፃን የእኛው ነውና። የዳኛውን ነጥብም ግን ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። ገንዘቡ የተያዘው ለሁሉም ተማሪ ነው። የተማሪው ልብ ቢራራ ከኪሱ ማዋጣት ይችላል፤ ብዙዎችም አድርገውታል። የማይቻለው ለሁሉም ተማሪ በአደራ የተያዘን ገንዘብ በድምፅ ብልጫ ወስዶ ለሌላ ዓላማ ማዋል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሌላ የተማሪዎች ኅብረት የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት በመቃወም ዘመቻ ለማድረግ ወስኖ ነበር። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን ለዘመቻው እንዳያወጣ አገደው። ዳኛው የሰጡት ልዩነት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ተማሪዎች በፖለቲካ ጉዳይ መወያየታቸው፣ መከራከራቸው ትምህርት ነው። በኅብረቱ ገንዘብ የሕዝብን አስተሳሰብ ለመለወጥ መዝመት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህ የእንግሊዝ ሕግ ነው፤ እኛን አያስርም። ውይይትንና ዘመቻን የለየበት መስመር ግን ለየትኛውም ግቢ ይጠቅማል።

ከጀርባ ያለ እጅ

የተማሪ አቋም ዋጋ የለውም የሚል ሰው የቀዝቃዛውን ጦርነት ዘመን ማየት ይችላል። በዚያ ዘመን ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ድርጅት ሁለት ነበር። አንዱ መቀመጫው ፕራግ ሲሆን ከሶቭየት ኅብረት ጎን ነበር። ሌላው ምዕራባውያን ያሉበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ብሔራዊ የተማሪዎች ማኅበር ለዓመታት ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ከሲአይኤ በስውር ገንዘብ ይቀበል እንደነበር ተጋለጠ። ብዙዎቹ አባላት ራሳቸው አያውቁም ነበር። ዛሬ ገንዘቡ በሻንጣ ላይመጣ ይችላል። በተዘጋጀ ጽሑፍ፣ በተዘጋጀ ፖስተር፣ በማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል ሊመጣ ይችላል። ለድምፅ የቀረበ ሐሳብ ማን እንደጻፈው መጠየቅ ሰውን መጠርጠር አይደለም።

ነገሩ እኛ ግቢ ቢመጣ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ዋናውን ግቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ይዟል። በመሀላቸው የሐረጎ ዳገት አለ። የአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአክሲዮን የተቀመጠ ፈንድ ይዘው አይደለም የሚተዳደሩት፤ በጀታቸው ከመንግሥት ነው። ስለዚህ «ዳይቨስት» የሚባል ጥያቄ እዚህ የሚይዘው ነገር የለም። የውጭውን መፈክር ቃል በቃል ማምጣት ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም ይሆናል።

ሕጉስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29፣ 30 እና 31 ሐሳብን የመግለጽ፣ የመሰብሰብና የመደራጀት መብትን ያውቃል። በአንቀጽ 51 ደግሞ የውጭ ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ ነው። ሁለቱ አይጋጩም። ተማሪ ሐሳቡን ሲናገር ፖሊሲ አላወጣም። ነገር ግን ኅብረቱ በይፋ ማኅተም አቋም ሲያወጣ፣ ውጭ ያለ ሰው የአገሪቱ ወይም የዩኒቨርሲቲው አቋም አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ኦክስፎርድ ላይ የሆነው እዚህም የማይሆንበት ምክንያት የለም።

የመንግሥት አቋም ራሱ ብዙ ጊዜ በደንብ አይነበብም። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሩሲያ ከዩክሬን እንድትወጣ ሲጠይቅ 141 አገር ደገፈ። ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም። በኦክቶበር 2023 ስለ ጋዛ በቀረበው ላይ ደግሞ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ድምፅ አለመስጠትና ድምፀ ተአቅቦ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከመዝገቡ ውጭ መሆን ነው። ሁለተኛው ተገኝቶ «አልደግፍም፣ አልቃወምም» ማለት ነው። ይህን ልዩነት በግቢ ደረጃም ማወቅ ይጠቅማል። ዝምታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለምና።

ደሴ ደግሞ ዝምተኛ ከተማ ሆና አታውቅም። የ1960ዎቹን የተማሪዎች ንቅናቄ ከመሩት መካከል ዋለልኝ መኮንንና ብርሃነ መስቀል ረዳ እዚሁ ደሴ ያለው የወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። የዚያ ትውልድ ተማሪ ስለ ሮዴዥያ፣ ስለ ቬትናም ይጮህ ነበር። «ያኔ ተማሪው ለዓለም ይቆረቆር ነበር» የሚሉ ሰዎች ትክክል ናቸው። ይህ ግን ግማሹ ነው። የዚያ ዘመን ተማሪ የዓለሙን ጥያቄ ያነሳ የነበረው ከራሱ አገር ጥያቄ ጋር አያይዞ ነው። መሬት ለአራሹ ያለው አፍ ነው ስለ ቬትናም የተናገረው። የተማሪ ጥያቄ ወደ ደም ሲለወጥ ምን እንደሚሆንም ያው ትውልድ አይቷል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የተዋለደ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱ አሉ። ዶርም ውስጥም አንዱ ከታች አንዱ ከላይ ይተኛሉ። የእስራኤልና የፍልስጤም ጉዳይ በመሬት፣ በወረራ፣ በደኅንነትና በሰው ልጅ መብት ላይ የሚደረግ ክርክር ነው። በአዳራሽ ውስጥ እጅ ሲነሳ ግን በሃይማኖት ይነበባል። «እነማን አነሱ? እነማን አላነሱም?» ይባላል። በልቡ የፍልስጤም ሕፃን የሚያሳዝነው ክርስቲያን አለ። ጋዛ ውስጥ ታግተው የነበሩት ሰዎች የሚያሳዝኑት ሙስሊም አለ። እጅ ማንሳት ይህን ሁሉ ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። የተማሪዎች ኅብረት ደግሞ ነገ የዶርም ውኃ ሲጠፋ፣ ካፌ ውስጥ ጠብ ሲነሳ፣ የሁለቱም ሽማግሌ መሆን አለበት። ወሎ አበጋር የሚላቸው አስታራቂዎች የሚከበሩት ከሁለቱም ወገን ስለሚታመኑ ነው።

የሚቃወም ሰው «እንዲህ ካልን በምንም ነገር ላይ አቋም አንይዝም» ሊል ይችላል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። አፓርታይድን ያሸነፉት ሰዎች ግቢያቸው እንዳይከፋፈል ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ ነገሩ ይዘገይ ነበር። ሚኒስትር ሆርን ያወረደው የእንግሊዝ ሕዝብም «ኢትዮጵያ ሩቅ ናት» አላለም። ስለዚህ መልሱ ጨርሶ አለመናገር ሊሆን አይችልም። ጥያቄው ምን ላይ፣ በምን ዓይነት ቃል የሚለው ነው።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ጥያቄ

አሁን አንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት እናስብ። እንዲህ ይላል፦ «ኅብረቱ ከተበደለው ሕዝብ ጎን ሊቆም ይገባል? አዎ / አይ።» ማን «አይ» ይላል? ጥያቄው መልሱን ይዞ መጥቷል። ከዚያም ላይ «መቆም» ምን እንደሆነ አይናገርም። መግለጫ ነው? ሰልፍ ነው? ገንዘብ ነው? ዘጠና በመቶ «አዎ» ቢልም ማግስቱን ማንም የሚሠራው ነገር አያገኝም። የተስማሙት በቃሉ ብቻ ነውና።

ምልዓተ ጉባኤውም አለ። ምልዓተ ጉባኤ ማለት ውሳኔ እንዲጸና መገኘት ያለበት አነስተኛው የአባላት ቁጥር ነው። ለምሳሌ አሥር ሺህ ተማሪ ባለበት ግቢ አራት መቶው ተሰብስቦ ሦስት መቶው ቢደግፍ፣ ዜናው «75 በመቶ ደገፈ» ይላል። ከጠቅላላው ግን 3 በመቶ ነው። የፈተና ሰሞን ከሆነ ላይብረሪ የተቀመጠው ብዙኃን ሳያውቅ በስሙ ይወሰናል። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ላይ የምስጢር ድምፅና ከፍ ያለ ምልዓተ ጉባኤ መጠየቅ ጉዳዩን ለመግደል የተፈለገ ዘዴ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሰው ሳይፈራ እንዲናገር ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ወረቀት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሳ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። በመተማ በኩል ብዙ ሰው ወደ አማራ ክልል ተሰደደ። ከነሱ ውስጥ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱ የተቋረጠበት ተማሪ አለ። ይህ ጦርነት ከጋዛም ከዩክሬንም ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው። በሻይ ቤቱ ክርክር ላይ ግን ስሙ ብዙም አይነሳም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ተዘርፎ፣ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ሰነዱ የጠፋበት፣ ሴሚስተሩ የተበላሸበት ተማሪ ምን እንደሚሰማው እዚህ የሚነገረው ከመጽሐፍ አይደለም።

ስለዚህ ወረቀቱ እንዲህ ቢል፦ «ኅብረቱ በሱዳን ጦርነት ትምህርታቸው የተቋረጠ ተማሪዎች በግቢያችን ያሉ ክፍት ቦታዎችን ተጠቅመው ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ለዩኒቨርሲቲው ሴኔት ጥያቄ ያቅርብ? አዎ / አይ።» ይህን ጥያቄ «አይ» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ዶርም ጠቧል፣ ካፌው ለእኛም አልበቃም ሊል ይችላል። ክርክሩ እውነተኛ ይሆናል። «አዎ» ቢያሸንፍም ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ የሚወስድ ሰው፣ የሚቀበል ቢሮ፣ የሚጠበቅ መልስ አለ።

ሌላም መጨመር ይቻላል። ከወሎ በጅቡቲዋ ወደብ በኦቦክና በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ የሚሻገሩት ወጣቶች ብዙዎቹ የነዚሁ ተማሪዎች ወንድምና እኅት ናቸው። የመን በጦርነት ላይ ያለች አገር ናት። ቤሩት ላይ ቦምብ ሲወርድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ልጅ ከሐይቅ ወይም ከወረባቦ የሄደች ልትሆን ትችላለች። ኅብረቱ ሕግ የሚያጠኑ ተማሪዎችን አስተባብሮ ለነዚህ ቤተሰቦች ነፃ ምክር የሚሰጥ ጠረጴዛ ይክፈት ወይ ብሎ ድምፅ ማሰጠት ይችላል። ይህም በዓለም አቀፍ ግጭት ላይ የተያዘ አቋም ነው።

ስለ ጋዛስ? አዳራሹ ይከፈት። የታሪክ መምህር፣ የሕግ መምህር ይጋበዝ። ሁለቱም ወገን እስኪጠግብ ይናገር። ከኪሱ ማዋጣት የፈለገ ያዋጣ፤ በስሙ መፈረም የፈለገ ይፈርም። የኅብረቱ ማኅተም ግን ኅብረቱ ሊፈጽመው በሚችለው ነገር ላይ ይረፍ።